አንቱ የተባልኩበት ጉባኤ

(በሚኒያፖሊስ ከተማ በአንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ)

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ግብዣው ለአዘጋጆቹ ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ። ስሜ በማስታወቂያው ላይ ከወጣ በኋላ ስልክ እየደወሉ «ስለ ምንድን ነው የሚወራው?» ብለው የጠየቁ፣ «እንዲህ ያለ ሰው የሚናገር ከሆነ እኛ አንመጣም» ያሉም እንደነበሩ ተነግሮኛል። ከደዋዮቹ አንዱ «ይህ ሰውዬ»፣ ሌላዋ «ይህች ሴትዮ» ማለታቸውንም ሰምቻለሁ፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። አንመጣም ካሉት መካከል ሁለቱን አሁን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አያቸዋለሁ። (ሳቅ) ያልተስማሙትን ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ማድመጥ የሽምግልና ወጋችን ነውና፣ ለዚህ ከልብ አመሰግናችኋለሁ።

ማንነቴን ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኔ ትራንስጀንደር ነኝ፤ ስወለድ ወንድ ተብዬ የተመዘገብኩ፣ ሴት ሆኜ የምኖር ሰው ነኝ ማለት ነው። ስለ ሕክምናዬና ስለ ሰውነቴ ለመስማት የመጣችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ ዛሬ እሱን አላወራም። ለአንድ ፓርቲ ለመቀስቀስም አልመጣሁም። የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2016 በፊላደልፊያ በተካሄደው፣ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደርለትን ዕጩ በሚሰይምበት ብሔራዊ ጉባኤ ላይ የሚኒሶታ ልዑክ ሆኜ ስለተቀመጥኩባት ወንበር ልነግራችሁ ነው። ሦስት ነገር እናገራለሁ፦ ወንበሯ እንዴት እንደተገኘች፣ ከእኔ በፊት ወንበር የተከለከሉት እነማን እንደነበሩ፣ ከዚያም በአዳራሹ ውስጥ ያየሁትን።

አንደኛው። ብዙ ሰው ወደ ብሔራዊ ጉባኤ የሚሄደው ትልቅ ሰው፣ ባለ ሀብት ወይም የባለ ሥልጣን ወዳጅ ብቻ ይመስለዋል። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ግን በትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ ለሕፃናት በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበትን አጥፎ በመቀመጥ ነው። ማርች 1 ቀን 2016 ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ በሰፈሬ ኮከስ፣ ማለትም በፓርቲው የሰፈር ስብሰባ ተገኘሁ። በዚያን ጊዜ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት በማታ ፈረቃ እሠራ ነበር። የሚኒሶታ ሕግ ከአሥር ቀን በፊት በጽሑፍ ላሳወቀ ሠራተኛ ኮከስ እንዲገኝ ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲሰጠው እንደሚያስገድድ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስንቶቻችሁ ይህን ሕግ ታውቃላችሁ? እጃችሁን አንሡ እስኪ። ሦስት፣ አራት። አያችሁ፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ግማሹ የማታ ሠራተኛ ነው።

ያን ምሽት ሰዉ እስከ በረንዳው ድረስ ተሰልፎ ነበር። ብዙዎቹ ለፕሬዚዳንትነት የሚፈልጉትን ሰው ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፈው፣ ካርቶን ውስጥ ጥለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ሰብሳቢዋ «አሁን ደግሞ ወደ ቀጣዩ ጉባኤ የሚሄዱ ልዑካንን እንመርጣለን» ስትል በጠረጴዛችን ዙሪያ የቀረነው አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ለሰፈራችን የተፈቀደው ወንበር ደግሞ አሥራ አራት። ምርጫ አላስፈለገም። የቆየ ሁሉ ልዑክ ሆነ። እኔ ከኢትዮጵያ ስመጣ ስለ ዴሞክራሲ ብዙ አንብቤ ነበር፤ ቆይቶ በመቀመጥ ብቻ ወንበር እንደሚገኝ ግን የትም አላነበብኩም።

በቀጣዩ ጉባኤ ላይ ነገሩ ከበደ። በእኛ ግዛት ፓርቲው ዲ ኤፍ ኤል ይባላል፤ ዴሞክራቲክ፣ አርሶ አደርና ሠራተኛ ማለት ነው። ዲ ኤፍ ኤል አንድ የሚገርም ወግ አለው። ተሰብሳቢው የሚያሳስበውን ጉዳይ በወረቀት ላይ ጽፎ ከፍ አድርጎ ይይዝና ሌሎች መጥተው ከሥሩ እንዲቆሙ ይጠራል፤ በቂ ሰው የተሰበሰበበት ቡድን በቁጥሩ ልክ ልዑክ ይልካል። «የትራንስጀንደር መብት» የሚል ወረቀት ይዞ የቆመ አንድ ወጣት ነበር። አጠገቡ ሄጄ ልቆም አሰብኩ። እግሬ ግን ማዶ ወደቆሙት፣ «የመጦሪያ ቤት ሠራተኞች» የሚል ወረቀት ወደያዙት ሴቶች ወሰደኝ። ሶማሌዎች፣ ላይቤሪያውያን፣ ኦሮሞዎች፣ አንዲት የሰሜን ሚኒሶታ ነጭ ሴትም ነበሩ። ስለ ደመወዛችን፣ አንድ ሰው አሥራ ስድስት አረጋዊ ብቻውን ሲጠብቅ ስለሚያድርበት ሌሊት አወራን። የመረጡኝ እነርሱ ናቸው። ለምን ይህን እነግራችኋለሁ? የዚያን ወጣት ወረቀት አሳንሼ አይደለም። ሰው አንድ ነገር ብቻ እንዳልሆነ እንድታስቡት ነው።

ከዚያ ወደ ኮንግረስ ወረዳው ጉባኤ ደረስኩ፤ ወደ ፊላደልፊያ የሚሄዱ ልዑካን ከሚመረጡባቸው መድረኮች አንዱ ይህ ነው። በፓርቲው ደንብ መሠረት የልዑካኑ ግማሽ ሴት፣ ግማሽ ወንድ መሆን አለበት። በዕጩነት መመዝገቢያው ላይ «ሴት» የሚለውን ምልክት አደረግኩ። አንዲት ሴት ወደ ሰብሳቢው ሄደው «የሴት ወንበር ሊወሰድ ነው» ብለው አቤት አሉ። ስማቸውን አልናገርም። ክፉ ሰውም አልነበሩም፤ ያ ግማሽ ወንበር በስንት ትግል እንደተገኘ የሚያውቁ፣ እድሜያቸውን በፓርቲ ሥራ የፈጁ ሴት ነበሩ። የዚያን ቀን ግን በሁለት መቶ ሰው ፊት ቆሜ፣ ሰዎች በየትኛው ዓምድ ልቆጠር እንደሚገባኝ ሲከራከሩ አዳመጥኩ። ከመጦሪያ ቤት ሠራተኞቹ አንዷ፣ ላይቤሪያዊቷ፣ ተነሥታ «ሌሊት ሌሊት ከእኛ ጋር ነው የምትሠራው፤ ከእኛ ጋር ትቆጠር» አለች። ክርክሩ በዚሁ አለቀ። ተመረጥኩ።

ገንዘቡንስ ማን ከፈለው? ልዑክ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪውን የሚሸፍነው ራሱ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። እኔ የሸፈንኩት በዕቁብ ነው። የዕቁባችን ሴቶች በዚያን ጊዜ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ገና አልቆረጡም ነበር፤ አንዷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቴ ትቀያይረኝ ነበር። ቢሆንም የጁላይን ዕጣ ያለ ዕጣ ሰጡኝ። ዳኛችን ቀደም ሲልም ውለታ ውላልኛለች። በሚኒሶታ ስም ለማስቀየር የፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ሁለት ምስክር ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል፤ አንዷ ምስክሬ እሷ ነበረች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልክ እንደ ክርስትና እናት ከጎኔ ቆመች።

ሁለተኛው ነጥቤ ከእኛ በፊት ስለነበሩት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩ የፊላደልፊያና የሚኒሶታ ታሪክ ስለሆነ።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1948 በዚያችው በፊላደልፊያ በተካሄደ የዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ የ37 ዓመቱ የሚኒያፖሊስ ከንቲባ ሂዩበርት ሃምፍሪ ተነሥቶ ፓርቲው ከግዛቶች መብት ጥላ ሥር ወጥቶ ወደ ሰብአዊ መብት ፀሐይ እንዲራመድ ጠየቀ። የጥቁሮችን መብት የሚደግፈው አንቀጽ በድምፅ ብልጫ ሲያልፍ የሚሲሲፒ ልዑካንና ከአላባማ ልዑካን ከፊሉ አዳራሹን ጥለው ወጡ። በዚህ ከተማ የምንኖር ሁሉ በዚያ ንግግር እንኮራለን፤ መኩራትም ይገባናል። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አያበቃም። በ1964 በአትላንቲክ ሲቲ ከሚሲሲፒ የመጡ ጥቁሮች፣ የግዛታቸው ነጮች ብቻ የመረጡት የልዑካን ቡድን እኛን አይወክልም ብለው ወንበር ጠየቁ። ከመሐላቸው የጭሰኛ ልጅ የሆነችው ፋኒ ሉ ሄመር፣ ድምፅ ለመስጠት ለመመዝገብ በመሞከሯ ከሥራ እንደተባረረች፣ ኋላም በእስር ቤት እንዴት እንደተደበደበች በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ተናገረች። ፓርቲው ምን ሰጣቸው? ሁለት ወንበር። ሌሎቹ የክብር እንግዳ ሆነው እንዲቀመጡ ተነገራቸው። ይህን ስምምነት ይዘው ሲሸመግሉ ከነበሩት መካከል ያው ሃምፍሪ ይገኝበታል፤ ጉዳዩን የያዘውን ንዑስ ኮሚቴ የመራው ደግሞ ሌላው የሚኒሶታ ሰው ዋልተር ሞንዴል ነበር። እነ ሄመር ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለሁለት ወንበር አይደለም ብለው እምቢ አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ በቺካጎ ጉባኤ ሄመር ልዑክ ሆና ተቀመጠች።

ይህን ታሪክ ለምን አነሣሁ? በ1948 ለፍትሕ የቆመ ሰው በ1964 «ትንሽ ታገሡ» ባይ ሊሆን እንደሚችል እንድታዩልኝ ነው። ወዳጅ ነው «ታገሡ» የሚላችሁ። ጠላትማ መቼ ታገሡ ይላል? ጠላት «አይሆንም» ነው የሚለው።

እኛንም ታገሡ ብለውናል። በ1972 በማያሚ ቢች ግብረ ሰዶማዊነታቸውን ያልደበቁ ሁለት ልዑካን፣ ጂም ፎስተርና ማደሊን ዴቪስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉባኤው መድረክ ተናገሩ፤ ሰዓቱ ግን ሊነጋጋ ሲል፣ አሜሪካ ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነበር። ትራንስጀንደር መሆኑ የታወቀ ልዑክ ለመታየት ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ፈጀ። በ2000 በሎስ አንጀለስ ጉባኤ የተቀመጠችው ጄን ፊ የሄደችው ከእኛው ከሚኒሶታ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ያለ ምክንያት የሆነ አይመስለኝም፤ ሚኒያፖሊስ በ1975፣ ግዛቱም በ1993 ትራንስጀንደር ሰዎችን ከአድልዎ የሚጠብቅ ሕግ በማውጣት በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከሥራ አልባረርም ብሎ የሚያምን ሰው ነው ማታ ለስብሰባ የሚወጣው።

በ2007 ደግሞ ግብረ ሰዶማውያንን በሥራ ቦታ ከአድልዎ የሚጠብቅ ረቂቅ ሕግ በኮንግረስ ቀርቦ ነበር። ድምፅ አይበቃም ተብሎ የፆታ ማንነት የሚለው ከረቂቁ ወጣ። «መጀመሪያ እኛ እንግባ፣ ከዚያ እናንተን እንስባችኋለን» ተባልን። ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፤ ሕግ ግን ሳይሆን ቀረ፤ እነርሱም አልገቡም፣ እኛም አልተሳብንም። እኛን ከረቂቁ ያወጣው የሕዝብ ተወካይ ባርኒ ፍራንክ ግን ብዙም ሳይቆይ ዲዬጎ ሳንቼዝ የተባለን ትራንስጀንደር ሰው የሕግ ጉዳዮች አማካሪው አድርጎ ቀጠረ። ሳንቼዝ በ2008 የፓርቲውን መርሐ ግብር ባረቀቀው ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጦ ነበር። ከኒው ጀርሲ የመጣችው ባብስ ሲፐርስታይን በ2009 የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ አባል ሆነች። በየስብሰባው ደንብ እያገላበጡ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ካሜራ አልተከተላቸውም፤ እኔ ግን የተቀመጥኩት እነርሱ ባነጠፉት ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ጉባኤው።

የጁላይ ፊላደልፊያ ሙቀት የአፋርን ያስታውሳል። ጠዋት ጠዋት የየግዛቱ ልዑካን በየሆቴላቸው ቁርስ ላይ ይሰበሰባሉ፤ የዕለቱ የመግቢያ ካርድ የሚታደለው እዚያ ነው፤ ቁርስ ያመለጠው ሰው ጉባኤም ሊያመልጠው ይችላል። ቀን ቀን በመሐል ከተማው የስብሰባ ማዕከል የየቡድኑ ስብሰባ ይካሄዳል። ማታ ወደ ከተማዋ ደቡብ፣ በዚያን ጊዜ ዌልስ ፋርጎ ሴንተር ይባል ወደነበረው የጉባኤው አዳራሽ እንሄዳለን። በመጀመሪያው ቀን በፍተሻው በር ላይ አንድ ጠባቂ ካርዴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እንደገና ካርዴን አየ። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ መንጃ ፈቃዴ ላይ ሌላ ስም ነበረ። ያን ጊዜ የዕቁብ ዳኛችን ነጠላ ትዝ አለኝ። ጠባቂው «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ አሳለፈኝ፤ ምናልባት የሚያየው ፎቶው ደብዝዞበት ብቻ ይሆናል። እንደኛ ያለ ሰው ግን በእያንዳንዱ በር ላይ በልቡ ጠበቃ አቁሞ ነው የሚያልፈው።

መጸዳጃ ቤቱንም ልንገራችሁ፤ አትሳቁ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ሰሜን ካሮላይና፣ በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ሰው በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በሰፈረው ፆታ መጸዳጃ ቤት እንዲገባ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ረጅሙን የሴቶች ሰልፍ ይዤ ቆሜ ሳለ ከፊቴ የነበረችው ሴት ዘወር ብላ ባጄን አነበበች፤ ከሰሜን ካሮላይና ነበረች። ምን ልትለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «የእናንተ ግዛት ቁርስ ላይ እንቁላል አለ? የእኛ ዳቦ ብቻ ነው» አለችኝ።

ሁለተኛው ምሽት የስም ጥሪ ነበር። ግዛቶች በፊደል ተራ ይጠራሉ፤ ተጠሪው ማይክሮፎን ይዞ ስለ ግዛቱ ሐይቅና እህል አወድሶ ለየዕጩው የተሰጠውን የድምፅ ቁጥር ይናገራል። ሚኒሶታ ስትጠራ ከተነገረው ቁጥር ውስጥ አንዱ እኔ ነበርኩ። ለማን እንደሆነ ቡና ላይ እነግራችኋለሁ። (ሳቅ) ሐሳባችሁን ወደዚያች አንድ ቁጥር ላምጣው። አገሬ ኢትዮጵያ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ወንበር አላዘጋጀችም፤ እንደኔ ያለውን በሌላ ወንጀል ስም የምትከስበት አንቀጽ እንጂ። አሜሪካም ቢሆን ስሜን በአንድ ቅጽ ላይ ለማረም ስንት ዓመት እንዳለፋችኝ ታውቃላችሁ። ያን ምሽት ግን ለአንድ አፍታ እንኳ ቢሆን ድምር ውስጥ ነበርኩ። ስለ እኔ የተባለ ነገር የለም። ቁጥር ብቻ።

በአራተኛው ምሽት፣ ጁላይ 28፣ ሣራ ማክብራይድ ወደ መድረክ ወጣች። የ25 ዓመት ልጅ ናት። በትልልቆቹ ፓርቲዎች ብሔራዊ ጉባኤ ላይ ከመድረክ የተናገረች የመጀመሪያዋ ትራንስጀንደር ናት። ሰዓቱ ገና ስለነበር አዳራሹ አልሞላም፤ ከኋላዬ ሰዎች ስለ እራት ያወሩ ነበር። ስለ ባሏ ተናገረች። እሱም ትራንስጀንደር ነበር፤ በካንሰር ታሞ ከተጋቡ በአራተኛው ቀን ሞተ። ከኋላዬ የነበረው ወሬ ቆመ። እኔ ስለ ሕግ ትናገራለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ስለ ሐዘን ተናገረች። ሐዘንን ደግሞ ማን ያልደረሰበት አለ? በዚያ ዓመት ትራንስጀንደር ልዑካን 28 ሆነን ተቆጥረን ነበር፤ ተበታትነን ስለተቀመጥን ግን አንዳችን ሌላውን አላየንም። ከአዳራሹ ማዶ ቆማ የምታጨበጭብ አንዲት ሽማግሌ አየሁ፤ ከኛ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ቀደም ሲል ወደተውኩት ወደ «ይህ ሰውዬ» እና «ይህች ሴትዮ» ልመለስ።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ጨካኝ ነው። «መጣሁ» ስል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ ስለ ራሴ ስናገር ነፃ ነኝ። ሌላ ሰው ሲያናግረኝ ግን ግሡ ራሱ ይፈርዳል፤ «መጣህ» ወይም «መጣሽ»። እናቴ የደሴ ሰው ናት። ነገሩን ከነገርኳት በኋላ ለአራት ዓመት ያህል በስልክ ስታናግረኝ አንድም ግሥ በእኔ ላይ አልጣለችም። «ሰላም ነው? ሥራ እንዴት ነው? ብርዱ በረታ ወይስ ቀነሰ? ተበላ?» ትላለች። ተበላ! ማን እንደበላ ሳይታወቅ። እሷ ስትቸገር እሰማታለሁ፤ እኔም ሳላርማት እመልሳለሁ፦ «ተበልቷል እማዬ።»

ከፊላደልፊያ የደወልኩላት በስም ጥሪው ማግስት፣ በእነርሱ ምሽት ላይ ነው። ጎረቤት በሳተላይት ዜናውን አሳይቷት ነበር፤ እኔን አላየችኝም፣ አዳራሹን ነው ያየችው። ትንሽ ዝም አለችና «እዚያ ሁሉ ሰው መሐል ተቀመጡ?» አለችኝ። መጀመሪያ ስለ ማን እንደምትጠይቅ አልገባኝም። «እነማን?» አልኳት። «አንቱ ነዎታ!» አለች።

አንቱ። ለቄስና ለሼኽ፣ ለአማትና ለሽማግሌ የሚባለው አንቱ፣ ወንድና ሴት አይለይም። «አንቱ የተባለ ሰው» ስንል የተከበረ ማለታችን አይደል? እናቴ መውጫ ስታጣ በር የከፈተችው በዚያ በኩል ነው። እኔም አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ፓርቲው ከ2020 ጉባኤ ጀምሮ ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው የማይጠሩ ልዑካን ከሁለቱም ዓምድ ሳይቆጠሩ፣ የቀረው እኩል እንዲከፈል ደንቡን አሻሻለ። በእንግሊዝኛ ለአንድ ሰው «እነርሱ» ማለት እንዴት ይሆናል ተብሎ እስከ ዛሬ ይሰደባል፤ በ2024 የምርጫ ዘመቻ ላይም ለማስታወቂያ መሳለቂያ ሆኗል። እናቴ ግን ስለ ንስሐ አባቷ ስታወራ «መጡ» ትላለች፤ ስለ አሥር እንግዶችም «መጡ» ትላለች። ግሡ አንድ ነው። እኛ ለአንድ ሰው የብዙ ግሥ መስጠት ከጥንት የምናውቅበት ሕዝብ ነን፤ ያውም ለምናከብረው።

እናቴ እስከ ዛሬ አንቱ ትለኛለች። አንቺ በይኝ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆኗል፤ በአጭሩ ልለፈው። በ2017 በዚህችው ከተማ ትራንስጀንደር የሆኑት አንድሪያ ጄንኪንስና ፊሊፕ ከኒንግሃም ለከተማው ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ2022 ሌላዋ ትራንስጀንደር ሊ ፊንኪ ለግዛቱ ምክር ቤት። ማክብራይድም በ2024 ለኮንግረስ ተመረጠች፤ ገና ቃለ መሐላ ሳትፈጽም የትኛው መጸዳጃ ቤት ትግባ የሚለው መመሪያ ቀደማት። በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የወጣው የፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ የፌዴራል መንግሥት የማይለወጡ ሁለት ፆታዎችን ብቻ፣ ወንድና ሴትን፣ እንደሚያውቅ ይናገራል፤ ጉዳዩ ፓስፖርት ድረስ የደረሰ ነው፤ እናቴን ሦስተኛ አገር ላይ ላገኛት የነበረውን ጉዞም ለጊዜው አቁሜዋለሁ። ከምርጫው በኋላ በገዛ ፓርቲዬ ውስጥ «እናንተ ናችሁ ያስሸነፋችሁን፣ ለጊዜው ዝም በሉ» የሚሉ ድምፆች ሰምቻለሁ። ሁለት ወንበር ማለት እንደዚህ ነው የሚጀምረው።

ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ፤ አዘጋጇ ሰዓቷን እያሳየችኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሁሉ ከእኔ ጋር እንድትስማሙ አልጠየቅሁም። በየትኛውም ፓርቲ ሁኑ፣ የምርጫ ዓመት ሲመጣ የሰፈራችሁ ኮከስ በብርዱ ወራት ማክሰኞ ማታ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ወረቀት ጥላችሁ አትውጡ፣ ቆዩ። ለአሠሪያችሁ የሚሰጠውን የአሥር ቀን ማስታወቂያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ አምጥቻለሁ፤ ከጀበናው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስማችሁንና ቀኑን ብቻ ነው የምትሞሉት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያላችሁት፣ ለእናንተ ሁለት ቅጂ ለይቼ አስቀምጫለሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።